ለእኔ የተተከለው ድንኳን

የመገጣጠሚያ ሕመም አብሮኝ መኖር ከጀመረ ሰነበተ። ክኒኔንም እውጣለሁ፣ የሽፈራው ቅጠልም አፍልቼ እጠጣለሁ፣ መቁጠሪያዬንም ከእጄ አልለይም። ሰሞኑን ቢብስብኝ ካህናችን ሸዋ ሮቢት ድረስ መጥተው ቅዱስ ዘይት ቀቡኝ። እኛ ካቶሊኮች በሽተኛ የምንቀባው እንዲበረታ ነው፤ ጎረቤቶቼ ግን ስንብት መሰላቸው።

ያን ሌሊት ሕመሙ ፋታ ሰጥቶኝ እስከ ረፋድ ተኛሁ። ጎረቤቶቼ የቤቴን በር ሲደበድቡ ለካ አልሰማሁም! ከዘራዬን ተደግፌ ብወጣ፣ የእድራችን ሰዎች ደጄ ላይ ድንኳን ተክለው ጨርሰዋል።

የእድሩ ዳኛ ጋሼ ሰይድ ሲያዩኝ ክው አሉ። «ያ አላህ! እትዬ ማርታ፣ አሉ እንዴ?»

«አለሁ እንጂ!»

እፍረት ይዟቸው ወደ ሰዎቹ ዞሩ። «በሉ ንቀሉት፣ ቶሎ!»

«ማንም እንዳይነካው!» አልኩ። «የሽፈራው ቅጠሌን የማደርቅበት ጥላ አጥቼ ፀሐይ ሲያቃጥልብኝ ከርሟል። ግቡና ቅጠሉን አውጡልኝ!»