ወላጅ አምጪ

የምዝገባው ቅዳሜ ጠዋት... ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አውጥቼ የማካካሻ ተማሪዎችን እመዘግባለሁ።

ማካካሻ የምንለው በየወረዳው ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ሁለትም ሦስትም ዓመት ቤት የዋሉ ልጆች ያመለጣቸውን ከሰዓት በኋላ የሚማሩበት ክፍል ነው። ዕድሜና ክፍል ከተምታቱ ቆይተዋል። ጢም ያበቀለ ልጅ «አራተኛ ክፍል ነኝ» ቢላችሁ እዚህ ነቀምቴ የሚገረም የለም።

ዳይሬክተራችን አንድ ጥብቅ ትእዛዝ አለው። «ዕድሜ እንዳትጠይቁ። መጀመሪያ ፈተናውን ስጡ፣ በውጤቱ መድቡ።» ትእዛዙ የመጣው በእኔ ጥፋት ነው። አምና አንዲት ረጅም ልጅን በሰልፉ ፊት «ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷም ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች... በዚያው ቀረች። እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ዳይሬክተሩም ዕድሜ የሚለውን ከቅጹ ላይ አወጣው።

ስለዚህ ዘንድሮ አፌን ዘግቼ ወረቀት ማደል ብቻ ሆነ ሥራዬ።

አንዲት ቀጭን ወጣት ሰባት ዓመት የሚሆናትን ልጅ እጅ ይዛ ቀረበች። ትልቋ አያንቱ፣ ትንሿ ሲፈን ይባላሉ። እህትማማቾች ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

«አካም ቡልተን፣ መምህር» አለችኝ አያንቱ። ሰላምታዋን መልሼ ለሁለቱም ወረቀት ዘረጋሁ።

«እኔም?»

«ሳይፈተን የሚመዘገብ የለም» አልኳት፣ በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለስልሼ። ያፈረች መስሎኝ እኮ ነው።

ትንሽ አሰበችና ገባች። እስክሪብቶ ስላልነበራት የእኔን ሰጠኋት። ሲፈን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቷ ላይ ዶሮ ስላ ጨረሰች። አያንቱ ግን ግንባሯን ቋጥራ ትሠራለች፣ ትሰርዛለች፣ እንደገና ትሠራለች። ሰዓት አለቀ ስል ቀና ብላ ለመነችኝ።

«ማሎ መምህር... ይቺን ክፍልፋይ ብቻ ልጨርስ።»

እንዲህ የሚጨነቅ ተማሪ ካየሁ ቆይቻለሁና በሆዴ ደስ አለኝ።

አረምኩ። ሲፈን ማንበብ ገና ናት፣ ደረጃ አንድ። አያንቱ ረጅሙን ማካፈል ብትረሳም ክፍልፋዩን አንድም አልሳተችም። ለሰባተኛ ክፍል የሚያዘጋጀው ደረጃ ሦስት ደረሳት። ጠርቼ ማለፏን ነገርኳትና ለሁሉም የምለውን አስከተልኩ።

«ሰኞ ወላጅ ይዛችሁ ኑ። ወላጅ ካልፈረመ ክፍል አትገቡም።»

«የማን ወላጅ?» አለች።

«የሁለታችሁም ነዋ።»

«የእሷ ወላጅማ እኔ ነኝ... ልጄ ናት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምላሴ ራሱ ደንግጦ ወደ አንቱታ ዞረ።

«ታዲያ እርስዎ ለምን ተፈተኑ?»

«ሳይፈተን የሚመዘገብ የለም አሉኛ። የከተማ አሠራር ይሆናል አልኩ። እኔ ከወደቅኩ ልጄን አይቀበሉብኝም ብዬ... ላብ በላብ ሆንኩ እኮ።»

ይቅርታ ጠይቄ የፈተና ወረቀቷን ላነሳ ስል እጇን ጫነችበት።

«ግን አልፈሻል ብለውኛል።»

«አዎ፣ አልፈዋል።»

«ስድስተኛን ጨርሼ ነው የተውኩት። እና... መግባት እችላለሁ?»

ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወሰድኳት። ነገሩን ሰምቶ ራሱን አከከ።

«ማካካሻው ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ነው» አላት።

«የእኔም ተቋርጧል።»

«በምን?»

«በሰርግ።»

ሊስቅ ነበር፣ ፊቷን ሲያይ ተወው። ቅጹን አንስቶ ዕድሜ የሚለውን ፈለገ። ራሱ አውጥቶት የት ያገኘዋል? ሁለት ጊዜ ገልብጦ አየና ፈረመ። እኔ ያቺን የአምናዋን ልጅ እያሰብኩ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልዋሽም።

አያንቱ «ገለቶማ» ብላ አመስግናን እስክሪብቶዬን ዘረጋችልኝ። «ያዢው» አልኳት። አንቱታው ቀረ፣ ተማሪዬ ሆናለቻ።

ይኸው ሦስት ወር ሆናት። ጠዋት ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ ከሰዓት ትማራለች። ረጅሙን ማካፈል አሁን ለሌሎቹ የምታስረዳው እሷ ናት።

ታዲያ ባለፈው ማክሰኞ ገበያው ይዟት አረፈደች። እኔ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ በሩ ሲከፈትና «ልግባ?» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ዞር እንኳ ሳልል፣ ያ የለመደ አፌ «ወላጅ አምጪ!» አለ።

ስዞር አያንቱ በሩን ዘግታ ስትወጣ አየኋት።

ሁለተኛዋንም በአፌ አባረርኩ አልኩ። ጠመኔውን ጥዬ ልከተላት በሩ ጋ ስደርስ ከደረጃ አንድ ክፍል ሲፈንን እጇን ይዛ ስትመለስ አገኘኋት።

ሲፈን ከእናቷ ፊት ቀድማ ቆመች። ኮስተር ብላ ቀና አለችና አየችኝ።

«ይቅርታ መምህር። ሁለተኛ አይለምዳትም።»

ደብተሬን አውጥቼ በወላጅ ቦታ አስፈረምኳት... ያቺ ዶሮ የሳለችው ልጅ ስሟን አንድ ፊደል ሳትገድፍ ጻፈች።