ድንጋጤው የማይለቃቸው

በዚያ ዓመት በሪያዱ ሰፈራችን በመንፉሐ ውስጥ የረባ እንቅልፍ የተኛ ሰው አላውቅም። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ወደ አገሩ የሚመልሱበት ፈተሻ ተጀምሯል። ከቤታችን እስከ አውቶቡሱ ስሄድ በየማዕዘኑ ኢቃማዬን አወጣና መልሼ እከታለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። የእኔ በቀጠረኝ የጽዳት ድርጅት ስም ታድሶ ነበር። የእናቴና የታናሽ ወንድሜ ግን ዋስና አሠሪያችን የነበረው ከፊል ከሞተ ወዲህ ጊዜው አልፎበታል።

የምሠራው አንድ የምርምር ማዕከል ውስጥ ነበር፤ የአይጥ ጎጆ አጸዳለሁ። እናቴ «ሰው ለአይጥ ድመት ያረባል፣ የእኔ ልጅ አይጥ ትቀልባለች» እያለች ጎረቤት ታስቅብኛለች።

አይጦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ገሚሶቹ ጤነኛ ናቸው። የሌሎቹ አንድ ዘረ መል ሆን ተብሎ ተበላሽቷል፤ በሰው ላይ ሲሆን ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ የአእምሮ እድገትን የሚያጓትተው ነው። ሥራውን የምትመራው ዶክቶራ መላወሻ በሌለው ቱቦ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ታስገባቸዋለች። ከዚያ ትለቃቸውና ከጅራታቸው ደም ወስዳ የጭንቀት ሆርሞናቸውን ትለካለች። መደንገጡንስ ሁሉም ይደነግጣሉ፤ እሷ ማወቅ የምትፈልገው ድንጋጤው መቼ እንደሚለቃቸው ነበር። ጤነኞቹ ወዲያው ጢማቸውን መጥረግ ይጀምራሉ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ጥግ ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። እነሱን ሳይ ወንድሜ ይመጣብኛል፤ ስለመጣብኝም እናደዳለሁ። ወንድሜ አይጥ አይደለም!

ወንድሜ ሃያ ሊሞላው ነው፤ በር የሚሞላ ጎረምሳ፣ አፉ ግን እንደ ሕፃን። የእናቴ አጎትም እንዲሁ ነበር ይባላል። ጠዋት በር ከተንኳኳ እስከ ማታ እጁን ይነክሳል።

አንድ ቀን እናቴ «ኸላስ፣ በቃኝ! ለፖሊስ እጄን ሰጥቼ አገሬ እገባለሁ» አለች። ከዚያ ቤት ያለውን ጨርቅ ሁሉ ማጠብ ጀመረች። የእኛ ሰው ከዐረብ አገር ሲገባ አዲስ ለብሶ ነው፤ አሮጌ ይዞ መግባት ነውር ነው። ለራሷ ዶቃ የተጠለፈበት ዐባያ፣ ለወንድሜ ከነካልሲው አዲስ ልብስ ገዛች። እሱ ካላሸተተው የማይተኛበትን፣ የተተለተለ ብርድ ልብሱን በረኪና ውስጥ ዘፈዘፈችው።

«እማዬ፣ ተዪው» አልኳት። «እኔ ጎጆ ስቀይር ከአሮጌው ጥጥ ጭብጥ አድርጌ አዲሱ ውስጥ እጨምራለሁ። የራሳቸውን ሽታ ካጡ ይሸበራሉ። እሱም...»

«አስተግፊሩላህ! ልጄን ከአይጥ ጋር?» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ።

በመሄጃቸው ጠዋት ተመላሾችን የሚጭኑት አውቶቡሶች መንገዱ ላይ ቆመዋል፣ ሰዉ ከነሻንጣው ይጋፋል። ወንድሜ አዲሱን ሸሚዝ ከአንገቱ ሊገነጥል ይታገላል። ከዚያ ጮኸ። አስፋልቱ ላይ ተዘርፍጦ እጁን እስኪደማ ነከሰው። እናቴ ቁርኣን ቀራችበት፣ ለመነችው፤ ገፈተራት። አንድ ፖሊስ መጣና «ያላ! ካልተረጋጋ ከወንዶቹ ጋር ታስሮ ነው የሚሄደው» አለ። ስሙን እንኳ አስተካክሎ የማይናገር ልጅ፣ ያለ እናቱ፣ ታስሮ። ፖሊሱን ትንሽ ታገሡን እያልኩ ለመንኩት።

እናቴ ፊቴን አየችና ወደ ቤት ሮጠች። ስትመለስ ሳታጥብ ለቆሻሻ መኪና ያወጣችውን የወጥ ቤት ጀላቢያዋን ዐባያዋ ላይ ደርባለች። ዘይትና ሽንኩርት የጠገበ፣ ብብቱ የተቀደደ ነው። ዶቃው ሁሉ ከሥር ተቀብሯል። ያንን ሁሉ ሰው ሳታይ አጠገቡ ቁጭ አለች። ወንድሜ ፊቱን ጭኗ ላይ ደፋ። ድንጋጤው ቶሎ አልለቀቀውም፤ ፖሊሱ ሰዓቱን እያየ፣ እኔ ከንፈሬን እየበላሁ ቆየን። በመጨረሻ የጀላቢያውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ተከትሏት አውቶቡሱ ላይ ወጣ። መስኮቱን ለማየት ብንጠራራም ሰው ጋረደኝ።

ዜናቸውን እስክሰማ ድረስ መቀመጥ አቃተኝ። የአንዱን ጎጆ ውሃ ሁለት ጊዜ ስቀይር ዶክቶራዋ አይታ ዕረፍት ውሰጂ አለችኝ፤ ዕረፍቱን ምን ላድርገው? በኋላ አክስቴ ከወሎ ደወለች፤ ተቆጥታለች።

«እናትሽን ምን ነካት? ጎረቤቱ ሁሉ ሊቀበላት ወጥቶ፣ ያን ሁሉ ዓመት ዐረብ አገር ሠርታ በቡትቶ ትግባ? አፈርን እኮ! እናስወልቅሽ ብንላት ልጁ አላስነካም አለን።»

«እሱስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«እሱማ ምን ሆነ፤ ቀሚሷን ጨብጦ እንቅልፉን ይለጥጣል።»