የኤልዉድ ፒክአፕ ቀዝቃዛ አየር

ቬርና በሞተች በሦስተኛው ሳምንት ባሏ ኤልዉድ የአሮጌ ፒክአፑን ዳሽቦርድ ፈታትቶ ወንበሩ ላይ ዘረገፈው። ጎረቤቱ ነኝ፤ የወጥ ቤቴ መስኮት በቀጥታ የእሱን ግቢ ያሳያል። ያየሁት ዕቃ ሳጥብ እንጂ ወሬ ስቃርም አልነበረም። ይህን ብዬ ባሌን ሃርላንን እንኳ ማሳመን አልቻልኩም።

ኤልዉድ ዕድሜውን በሙሉ በጥጥ መዳመጫ ፋብሪካው የሠራ ሰው ነው። የመስማት ችሎታውን እኩሌታ እዚያ ጥሎታል፤ የቀኝ እጁ ጣቶችም ከደነዘዙ ቆይተዋል። ፒክአፑን የገዛው በተጋቡ ማግስት ነው። ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የሙቀት ማንሸራተቻ ወደ ሰማያዊው ብትገፋውም ወደ ቀዩ ብትመልሰውም የሚነፍሰው ያው የሞተር ትኩሳት ነበር። በዚህ በቴክሳስ ሙቀት ቬርና ከተማ የምትወርደው እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነበር። ጠግነው ስትለው በሚቀጥለው ሳምንት ይላታል። ጋራዥ እንውሰደው ካለችው ደግሞ ያኮርፋል። በእኛ አገር መኪናውን ለሌላ ሰው የሚያስጠግን ወንድ ሱሪውን እንዳዋሰ ይቆጠራል።

በቀብሯ ዕለት አላለቀሰም። ከዚያም ወዲህ የሰጡትን ይበላል፣ ሲጠይቁት ደህና ነኝ ይላል። የወሰድኩለትን ማካሮኒ በልቶ ሳህኑን አጥቦ ሲመልስልኝ፣ ጣፈጠህ ወይ አልኩት። አላወቅሁም አለኝ። ምግቤን የነቀፈ ሰው ሞልቷል፤ በልቶ ጣዕሙን ያላወቀ ግን እሱ ብቻ ነው። መቀየም አማረኝ፣ አልሆነልኝም።

አንድ ቀን ቀዝቃዛ ሻይ ይዤለት ሄድኩ። እግሩ ብቻ ከመኪናው ወጥቶ ይታያል። ከማንሸራተቻው የሚነሳው ቀጭን ሽቦ ትኩሱን አየር የምታግደውን መዝጊያ እንደሚስብ፣ አሁን ግን ሽቦው ዝጎ እንደተጣበቀ ከዚያው ከሥር ሆኖ አስረዳኝ። አንዲት ብሎን ከጣቱ ታመልጠዋለች፤ ሲፈልጋት ይቆያል፤ ሲያገኛት ሌላዋ ታመልጠዋለች። ጤነኛ እጅ ያለው ሰው በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነበር።

"ለማን ነው የምታቀዘቅዘው?" አልኩት፤ አፌ እንዲህ ነው። "አንተ እንደሁ መስኮት ከፍተህ ነው የምትነዳው።"

"በገዛ እጄ እሠራልሻለሁ ብያታለሁ።"

"እሷ እኮ ..."

"አውቃለሁ። ካቻቪቴውን አቀብዪኝ።"

የእኛ ሰዎች ሐዘንተኛ ፊት ቆመው የሚናገሩት ይጠፋቸዋል። ስለዚህ ይሠሩለታል፤ ሣሩን ያጭዱለታል፣ ጥጡን ይሰበስቡለታል። ከጠየቁት አይሆንም ስለሚል ሳይጠይቁ፣ ዞር ሲል ጠብቀው ነው። እሑድ ዕለት ሴት ልጁ ምሳ ልትጋብዘው ይዛው ስትሄድ ሃርላን የመሣሪያ ሣጥኑን አነሣ። ኤልዉድ በገዛ እጄ እሠራለታለሁ ብያታለሁ እንዳለኝ ነገርኩት። ሲያየው ደስ ይለዋል አለኝና ሄደ። አዲስ ሽቦ አስገባ፣ የማቀዝቀዣ ጋዝ ሞላ፣ ዳሽቦርዱን ገጠመ። ኤልዉድ ሲመለስ ሞተሩ ተነሥቶ ጠበቀው።

ኤልዉድ መዳፉን አየር መውጫው ላይ አድርጎ ቆየ። ቀዝቅዟል አለ። ሃርላንን ጨብጦ አመሰገነው፣ ሞተሩን አጥፍቶም ወደ ቤቱ ገባ። ባሌ እራት ላይ ሲኩራራ አመሸ፤ እኔ ዝም አልኩ፤ ለእኔ ዝም ማለት ትልቅ ነገር ነው።

በማግሥቱ ዳሽቦርዱ እንደገና ወንበሩ ላይ ተዘርግፏል። አዲሱ ሽቦ በወጉ ተጠቅልሎ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሏል። ሃርላን አየውና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምን በደልነው?" አለኝ።

"ለእሷ የቀረውን ሥራ ወሰድክበት" አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማንም አልተጠጋውም። ነሐሴ እንዲሁ አለቀ። መስከረም አልፎ ጥቅምት ገብቶ ጠዋት ጠዋት ሹራብ መልበስ ስንጀምር ኤልዉድ በገዛ እጁ የጠገነውን ፒክአፕ ደጃችን አቁሞ ጥሩምባ ነፋ። በቬርና ወንበር ተቀምጬ እንድሞክርለት ፈለገ። ገባሁ። መስኮቶቹን ዘጋና ማንሸራተቻውን እስከ ሰማያዊው ጫፍ ገፋው።

የጥጡን እርሻ አቋርጠን ነዳን። አየሩ እየነፈሰ ነው፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። መዳመጫው በር ስንደርስ አቆመ። ሁለቱም እጆቹ መሪው ላይ ናቸው።

"በረደኝ" አለ።

ቬርና ከሞተች ወዲህ ከ"ደህና ነኝ" ሌላ የሚሰማውን ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አየሩን ልቀንስለት እጄን ስዘረጋ ያዘኝ።

"ተዪው" አለ። "ትንሽ ይብረደኝ።"