በሸምበቆ የሠራነው ዳይኖሰር

ባለፈው ሳምንት ወልድያ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ሸራ ላይ ከተዘረጉ የፕላስቲክ መጫወቻዎች መሀል በሁለት እግሩ የቆመ ትንሽ ዳይኖሰር አይቼ ቆምኩ፤ ሻጩ «ለልጅ ነው እትዬ?» ሲለኝ ሳልገዛ መንገዴን ብቀጥልም፣ ልቤ ግን ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት በኋላ ወደተማርኩበት፣ መርሳ ወዳለው የሰባተኛ ክፍላችን ሄዶ ቀረ።

የሳይንስ መምህራችን መምህር ውብሸት፣ አንድ መጽሐፍ ለአምስት በምንካፈልበት በዚያ ጊዜ፣ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ከኪሳቸው የተጣጠፈ ገጽ አውጥተው ከዳይኖሰሮች ሁሉ ቀደምት ከነበሩት ሥጋ በሎች አንዱን አሳዩን። ሲሎፊሲስ ይባላል አሉ፤ ስሙን መጥራት ያቃተን እኛ «የቲቸር እንሽላሊት» አልነው። ቀጭን ነው፣ ሯጭ ነው፣ አጥንቱም ውስጡ ክፍት ነው ሲሉ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ዘይነባ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ክፍት ከሆነማ ለምን በሸምበቆ አንሠራውም?»

ሠራነው። ከትምህርት በኋላ ወንዝ እየወረድን ሸምበቆ ቆረጥን፣ በቃጫ አሰርን፣ ዘይነባ የግራር እሾህ እየለቀመች ጥርሱን ደረደረች፤ ሦስት ሜትር የሚሆነው አውሬ ከክፍላችን ጀርባ፣ ግድግዳው ሥር ቆመ፣ ጅራቱ ብቻ ቀረ። ጥቅምት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ዳር ውሃ ያቆረበት፣ የወባ ትንኝ የሚበረታበት ጊዜ። በመጨረሻው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዘይነባ «በቃ እንሂድ፣ ትንኙ ፈጀን» አለች። «አንድ ረጅም ብቻ፣ ለጅራቱ» ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣላት። ወልድያ ሊያደርሷት መንገድ ዳር መኪና ሲጠብቁ፣ አባቷ ክንድ ላይ አረፈች።

ከለቅሶው በኋላ አባቷ አቶ ይመር ትምህርት ቤት መጡ። መምህር ውብሸት አንገታቸውን ደፍተው «ይቅር ይበሉኝ አባቴ፣ ወንዝ የሰደድኳት እኔ ነኝ» አሉ።

«የአላህ ቀደር ነው መምህር፤ እርስዎ ምን ያድርጉ። እስቲ የሠራችውን አሳዩኝ።»

እሾሁን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ነሽ ጓደኛዋ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። እንሂድ ስትል ያስቀረኋት እኔ መሆኔን ግን አልነገርኳቸውም።

መምህሩ በዓመቱ ተዛውረው ሄዱ፣ ሸምበቆውንም ክረምቱ አበሰበሰው። እኔ አደግኩ፣ ወለድኩ፤ መርሳ በወረድኩ ቁጥር ዛሬስ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ከአቶ ይመር ደጅ እደርስና፣ እሳቸው ሲመርቁኝ አሜን ብዬ ብቻ እመለስ ነበር። ዘንድሮ ስሄድ ቤቱን ሌላ ሰው ገብቶበት አገኘሁት፤ እሳቸው ከሞቱ ከርመዋል። ያን ቀን ዘይነባ እንሂድ ብላኝ እንደነበር ከእንግዲህ ብናገርም፣ ልነግረው የሚገባኝ ሰው የለም።