ራሱን ማወደስ ያቃተው የሬዲዮ ሰው

ዋ ሱ ሎር የጓሮውን ጎመን ሲኮተኩት አንድ ዜማ ከአፉ አይጠፋም፦

*ጭጋጉ ተራራውን ሸፍኖት ሲተኛ፣*
*የቀረሽው አንቺ ነሽ፣ የሄድነው እኛ…*

ከዚህ በኋላ ዜማው አለ፣ ቃሉ የለም። ሦስተኛውን ስንኝ ከላኦስ ሸሽቶ ሜኮንግን ሲሻገር ወንዙ እንደወሰደበት ነው የሚናገረው። ሚስቱ ዩአ በመስኮት ብቅ ብላ፣ ትናንት የጠፋውንስ የመኪና ቁልፍ ወንዙ ነው ወይ የወሰደው ትለዋለች። እሱም ይስቃል። ከላኦስ ተራሮች ተሰደን በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ ከምንኖር የሞንግ ሕዝቦች መካከል በራሱ ላይ ለመሳቅ ከዋ ሱ የሚቀድም አልነበረም።

በወጣትነቱ ዘመን፣ የአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ሰዎች በላኦስ ተራሮች ላይ አባቶቻችንን ያስታጥቁ ነበር። ስማቸው አይነገርም ነበርና እኛ «ሰማይ» እንላቸው ነበር፤ ሩዙም ጥይቱም ከላይ ነው የሚወርደው። ዋ ሱ አንድ ሸንተረር ላይ ሬዲዮ ታቅፎ ይቀመጥና ደመናው የት ላይ እንደተከፈተ ለአውሮፕላኖቹ ይነግራል። ልጆቻችን ስለዚያ ጊዜ ሲጠይቁት ግን የሚመልሰው ሌላ ነው።

«በጦርነቱ የገደልኩት አንድ አሳማ ነው» ይላቸዋል። «እሱንም በሩዝ ከረጢት። ትንሽ ወደ ግራ ጣሉት አልኩ፤ ጣሉት። አሳማው የዩአ እናት ንብረት ነበር፤ ለቅጣት ልጇን ዳረችልኝ።»

ዩአም ከወጥ ቤት ሆና፣ ቅጣቱ የማን እንደሆነ ገና አልተፈረደም ትላለች።

ሳቁ የማይደርስባት አንዲት ስፍራ ነበረች። የበኩር ልጁ ፓ ኩ ታይላንድ ቀርታለች። ቤተሰቡ ከስደተኛ ጣቢያው ወደ አሜሪካ ሲሳፈር እሷ ባል አግብታ ነበር፤ በእኛ ወግ ደግሞ ያገባች ሴት የባሏ ወገን ናት፤ እነሱ ሲቀሩ ቀረች። ጎህ ሲቀድ በአውቶቡሱ መስኮት ያያት መልኳ፣ ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ በረዶው ላይ ሲመላለስበት ኖሯል። ያገባች ልጁን መጥራት የሚችል አባት ዜጋ የሆነ አባት ብቻ ነው። ዜጋ ለመሆን ደግሞ በእንግሊዝኛ መፈተን አለ። ዋ ሱ ደጋግሞ ተፈትኖ ደጋግሞ ወደቀ። እንግሊዝኛው እንደ እንግዳ ነው ይል ነበር፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ያድርና ጠዋት ምስጋና እንኳ ሳይሰጥ ይሄዳል።

በኋላ አዲስ ሕግ ወጣ። ከሰማይ ሰዎች ጋር የተሰለፉ ሞንጎች በራሳቸው ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ እንዲፈተኑ የሚፈቅድ ልዩ ሕግ ነው፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ብቻ የተከፈተ በር ነበር። ዋ ሱ አመለከተ። ምስክር እንዲሆነው የቀድሞ አዛዡን ካፒቴን ቾንግ ኔንግን ለመነው። ካፒቴኑ አሁን በቅዳሜ ገበያ መራራ ጎመንና ጠጅ ሣር ይሸጣል፤ እሺ አለ፤ መኪናውንም እኔ እነዳለሁ አለ።

የቀጠሮው ቀን መጣ። ዋ ሱ ከወንድሙ ልጅ የተዋሰውን ሱፍ ለብሶ፣ ከረባቱ አንገቱን እንዳነቀው የኢሚግሬሽን ቢሮ ገባ። መርማሪዋ መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። አስተርጓሚዋ እዚያው ሴንት ፖል የተወለደች የእኛው ልጅ ናት። ስለ አገሪቱ ታሪክና ሕግ ሲጠየቅ ዋ ሱ እንደ ምንጭ ፈሰሰ። ለካ ሰውዬው ይህን ሁሉ ያውቅ ኖሯል፤ በራሱ ቋንቋ የጠየቀው ጠፍቶ እንጂ።

ከዚያ መርማሪዋ በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሠራ ጠየቀችው።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው አመል መጣ። በእኛ ዘንድ ስለራሱ ሥራ የሚያወራ ወንድ ሲናገር የሚሰማው ሰው በሐፍረት አንገቱን ይደፋል። አሳማ አርዶ የጠራህ ሰው እንኳ በሩ ላይ ቆሞ፣ የምትበላው ነገር የለም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው ያለው ይልሃል። ማመስገን የሌላው ድርሻ ነው፤ የባለቤቱ ድርሻ መካድ ነው።

«ምንም አልሠራሁም» አለ ዋ ሱ። «ተራራ ላይ ቁጭ ብዬ ደመና ሳይ ነው የኖርኩት።»

ልጅቷ ቃል በቃል ተረጎመችው። መርማሪዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ወታደር ነበሩ ወይ ስትለው፣ እኔን ወታደር ማለት ወታደሮችን መስደብ ነው አላት። ከጠላት ጋር ተጋጥመው ያውቃሉ ወይ ስትለው የአሳማውን ነገር ጀመረላት።

መርማሪዋ አልሳቀችም። ሕጉ ላገለገሉ ሰዎች ነው፣ አላገለገልኩም ካሉ ወደ እንግሊዝኛው ፈተና ይመለሳሉ፣ ይህን ጉዳይ ዛሬ እዘጋዋለሁ አለች። ልጅቷ ይህን ስትተረጉምለት ፈገግታው ከንፈሩ ላይ እንደነበረ ቀረ፤ ከሥሩ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። የፓ ኩ በር እየተዘጋ ነው፤ የሚዘጋውም በገዛ አፉ ነው።

«አባባ፣ በፈጠረዎት፣ ስለራስዎ ትንሽ ይናገሩ» አለችው ልጅቷ ዝቅ ብላ።

«እኔ…» አለ። ጆሮው ቀላ። «እኔ…» ሌላ አልወጣውም። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ አፌ እንቢ አለኝ። አዛዤ ውጭ አለ፤ እሱን ጠይቁት» አላት።

ካፒቴኑ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ይህ ሰው በእርስዎ ሥር አገልግሏል ወይ ተባለ።

«በእኔ ሥር?» አለ ካፒቴኑ። «እኔ አዛዥ የተባልኩት ድምፄ ወፍራም ስለሆነ ነው። ሸንተረሩ ሲከበብ ቀድሜ የሮጥኩ እኔ ነኝ። ይሄ ነው ሬዲዮውን ታቅፎ የቀረው። በዚያ ጭጋግ አውሮፕላኖቹን በድምፁ እየመራ፣ ቁስለኞቻችን እስኪወጡ ከቦታው አልተነሳም። እኔ ዛሬ ጎመን የምሸጠው እሱ ስለቀረ ነው።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ዋ ሱ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «እኔ የቀረሁት እግሬ ስለተመታ ነው። ይሄ ሰውዬ ነው በጥይት መሃል ተመልሶ በጀርባው አዝሎኝ የወረደው።»

«የተመለስኩት ለሬዲዮው ነው። አንተ ላዩ ላይ ተለጥፈህ ተገኘህ።»

«ሬዲዮውን እኮ ጥለኸው ነው እኔን ያነሳኸኝ!»

«ይከብድ ነበራ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ክብሩን እንደ ፍም አንዱ ወደ ሌላው መዳፍ ይወረውሩት ጀመር። ልጅቷ መከተል አቃታት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። መርማሪዋ እጇን አንስታ፣ እየተጣሉ ነው እንዴ ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሷ ተናገረች። «በእኛ ዘንድ ሰው ስለራሱ አይመሰክርም» አለቻት። «ያልሰሩትን አይደለም የሚክዱት፤ የሰሩትን ነው። አሁን የሰሙት አንዱ ስለሌላው ያለውን ብቻ ይውሰዱ።»

መርማሪዋ ወደ ሁለቱ ዞረች። ካፒቴኑ ባርኔጣውን እያሽከረከረ፣ ዋ ሱ ከረባቱን እየጎተተ፣ እንደ ተቀጡ ተማሪዎች ወለሉን ያያሉ። ብዕሯን መልሳ አነሳች። አልፈዋል፤ ለመሐላው ቀን ይጠራሉ አለችው።

ቤት ሲደርሱ ዩአ የአሳማ ሥጋ በጎመን ቀቅላ፣ ሩዙን አብስላ፣ ሚጥሚጣውን ከድንብላል ቅጠል ጋር ወቅጣ ጠበቀቻቸው። ዋ ሱ ሱፉን ሳያወልቅ ስልኩ ጋ ሄደ። የፓ ኩ ድምፅ ከሩቅ፣ ዝናብ ውስጥ እንዳለች ሆኖ መጣ። አለፍኩ አላት። መቼ ነው የምመጣው አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ቀልድ ያገኝ ነበር።

«ቶሎ አይደለም፣ ልጄ» አላት። «ወረፋው ረጅም ነው። ግን ከእንግዲህ ወረፋው ላይ ነሽ።»

«ግን ምን ብለህ አለፍክ?» አለችው ፓ ኩ።

«እኔማ ምንም አላልኩ» አለ፤ ይህችን ጊዜ እንኳ ራሱን ማሳነሱ አልነበረም፤ እውነቱን ነበር።

ካፒቴኑ ከገበታው ላይ ሆኖ፣ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው፣ ወይስ አሁንም አዝዬ ላምጣህ ሲል ጮኸ። ዋ ሱ ስልኩን ዘጋ። ወጉ እንግዳውን ቆሞ እንዲያስተናግድ ነበር፤ ዩአ ግን ወንበሩን በእግሯ ገፋችለት። ከረባቱን ፈታ፣ ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ፣ ተቀመጠና ሩዙን ወደ አፉ ማለት ጀመረ።