ዛፉ የመለሰው መልስ

ቶኩጂ መጥረቢያውን ይዞ፣ መከርከሚያ መቀሱን እንደ ልማዱ ወገቡ ላይ ሽጦ ወደ ጓሮ ወጣ። ባለቤቱ ሳዋኤ የሩዝና የቀይ አደንጓሬ ገንፎ ይዛ ተከተለችው። በመንደራቸው በየዓመቱ ጥር ላይ ባል ካኪ የሚባለውን ጣፋጭ ፍሬ የሚሰጠውን ዛፉን በመጥረቢያ ጫር እያደረገ ያስፈራራል፤ ሚስት ከግንዱ ኋላ ሆና በዛፉ ፈንታ «አፈራለሁ» ትላለች፤ ከዚያ መጥረቢያው የጫረው ቁስል ገንፎ ይቀባል። ዘንድሮ ግን ማስፈራሪያው የምር ነበር። ሳዋኤ ስታገባ ከእናቷ ጓሮ ያመጣችው ይህ ዛፍ ሦስት ዓመት ፍሬ ነስቷቸዋል።

ካኪ የሚያፈራው በቅርንጫፉ ጫፍ ነው። ቶኩጂ ደግሞ ብርድ በገባ ቁጥር ጫፉን ሁሉ እንደ ጸጉር ይከረክመዋል። ስትነግረው መልሱ «አንቺ ማድ ቤትሽን ጠብቂ» ነው።

«አንተ ዛፍ! ታፈራለህ ወይስ ልቁረጥህ?» ብሎ ግንዱን በመጥረቢያው ጫር አደረገው።

«አላፈራም!» አለ ከግንዱ ኋላ የመጣው ድምፅ።

«ምን አልክ?»

«ጫፍ ጫፌን እየቆረጥክ በምኔ ላፍራ? ፍሬዬ እኮ እዚያ ነው! እንዲህ ከሆነስ ጣለኝና እንገላገል!»

«ሳዋኤ፣ አንቺ ነሽ?»

«ሳዋኤማ ማድ ቤቷን እየጠበቀች ነው።»

ቶኩጂ ቀና አለ። ከሰማዩ ሥር አንድም ሙሉ ቅርንጫፍ አልነበረም፤ ሁሉም ጫፉ ጉማጅ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሳያየው ቀረ? ገንፎውን ተቀብሎ ቁስሉን በዝግታ ቀባው።

«እንግዲያው ይህን አንተው ያዝልኝ» አለና መቀሱን ከወገቡ አውጥቶ ወደ ግንዱ ኋላ ዘረጋ።

የሳዋኤ እጅ ብቅ ብሎ ተቀበለው።