ሦስተኛ ዙር፣ ሃያ አራት

የታጎርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ቁመቱ ስምንት እርምጃ፣ ወርዱ አምስት። ብርሃን የሚገባው በጣሪያው ቆርቆሮ የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው። የአርባ ምንጭ ሙቀት ከሃያ ሁለት ሰው ላብ ጋር ተደባልቆ ያፍናል። ቦታው ለሁላችን ስለማይበቃ የምንተኛው በዙር ነበር። "ዙር" የምትባለዋን ቃል እዚያም አላመለጥኳትም፤ ያሳሰረችኝ እሷው ናት።

በታችኛው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ልጆቹ ተቀምጠው ሲማሩ ስለሚያንቀላፉ እያስሮጥኩ ነበር የማስተምራቸው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ዙሪያ ስምንት የሽፈራው ዛፎች አሉ። እየነኩ ይዞራሉ፤ አንደኛ ዙር ስምንት፣ ሁለተኛ ዙር አሥራ ስድስት፣ ሦስተኛ ዙር ሃያ አራት። አንዱን ጥግ አባያ፣ ሌላውን ጫሞ ብለን በሁለቱ ሐይቆች ስም ጂኦግራፊ እንማርበታለን። ሲደክማቸው ደግሞ የልብ ትርታቸውን ይቆጥራሉ፤ ያ ሳይንስ ነው። ሁሉንም በደብተሬ እመዘግብ ነበር። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

ጊዜው ወጣቱ ለብሔራዊ ውትድርና በዙር በዙር የሚታፈስበት ነበር። መርማሪው ካድሬ ሲይዙኝ የወሰዱትን ደብተሬን ገልጦ ጠበቀኝ።

"ሦስተኛ ዙር፣ ሃያ አራት" ብሎ አነበበ። "ለየትኛው ድርጅት ነው የምታሠለጥናቸው?"

"ሕፃናት ናቸው ጓድ። ማባዛት ነው።"

"ከአባያ ጫሞ፣ ሁለት ደቂቃ። ይኼም ማባዛት ነው?"

ሳቄ መጣ። ብውጠውም አይቶት ኖሮ ውስጥ እግሬን አስገረፈኝ።

ከዚያ ሦስት ቀን ሰጠኝ። የሃያ አራቱን "ሠልጣኞች" ስም ከነአባታቸው ከጻፍኩ እለቀቃለሁ። ካልጻፍኩ የሚሆነውን አልነገረኝም። አባቶቻቸው በአቅራቢያው ያሉት የላንቴና የጫኖ መንደሮች ገበሬዎች፣ የሲቀላ ነጋዴዎች ናቸው። አንድ ስም ከአፌ ከወጣ አንድ ቤት ይፈርሳል።

ፈራሁ። ጀግና አይደለሁም፤ ሁለተኛ ቢገርፉኝ እንደምለፈልፍ አውቄዋለሁ። የቀረኝ መውጫ መርሳት ብቻ ነበር። ግድግዳውን ተደግፌ የልጆቹን ስም ከጭንቅላቴ ለመፋቅ ታገልኩ። ግን በየጠዋቱ ስም ሲጠራ የኖረ አስተማሪ እንዴት አድርጎ ይረሳል? አንዱን ሳባርረው ወንድሙን አስከትሎ ይመለሳል።

አጠገቤ፣ በቤታቸው ሰው ሰብስበው ጸለዩ ተብለው የታሰሩ የላንቴ ሽማግሌ ነበሩ። በአማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም።

"አስተማሪ" አሉኝ፣ "የኔ ልጅ ልጅ አንተ ጋ ይማራል። ቤት መጥቶ የጓሮ ሙዙን እየነካች ስምንት፣ አሥራ ስድስት ይላል።"

"የልጅ ልጅዎ ማን ትባላለች?" ልል አፌን ስከፍት ጣታቸውን ከንፈሬ ላይ አደረጉ።

"ስም ተው። ሩጫውን ልንገርህ። ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ ይወረውራል።"

ከዚያ በኋላ ልጆቹን በአሯሯጣቸው ብቻ ማሰብ ጀመርኩ። አንዱ ክንዱን ያወናጭፋል። አንዷ ዛፉን ሳትነካ ትስቃለች። ሌላው ሁልጊዜ ጫማው ይወልቃል። ስሞቹ ቀስ እያሉ ራቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ቀረበልኝ። ሰሌዳ ላይ በምጽፍበት የእጅ ጽሕፈት አሳምሬ ጻፍኩ። አንድ ጊዜ ስምንት፣ ስምንት። ሁለት ጊዜ ስምንት፣ አሥራ ስድስት። ሦስት ጊዜ ስምንት፣ ሃያ አራት። እስከ አሥር አድርሼ ከሥሩ ፈረምኩ።

"ሃያ አራቱ እነዚህ ናቸው" አልኩት።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። ሁለት የእግሬ ጣቶች እስከ ዛሬ አይታጠፉም። ሽማግሌውን አንድ ጠዋት ጠርተው ወሰዷቸው፤ የት እንዳደረሷቸው የነገረን የለም። ከተማሪዎቼ ግን የአንዱም በር አልተንኳኳም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ሲቀላ ስወርድ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰዎች "ጋሼ፣ አወቁኝ?" ይሉኛል። አላውቃቸውም። ያኔ ያባረርኳቸው ስሞች ተመልሰው አልመጡም፤ በዚህ አፍራለሁ፣ አንዳንዴም አለቅሳለሁ። በቀደም መነኻሪያው አጠገብ አንዲት ሴት እንዲሁ ጠየቀችኝ። "አላስታወስኩሽም" ስላት ቅር ብሏት ተሰናበተችኝ። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ሮጠች። ቀኝ እግሯን ወደ ውጭ ትወረውራለች።

"የላንቴዋ!" ብዬ ጮህኩ።

በሩ ላይ ቆማ ዞረች። ስሟን ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት፣ ሳላስበው ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ነበር።